ያገለገለ ሮቶ፦ ከመታጠቡ በፊት የሚጠየቅ ጥያቄ

አዲስ አበባ፦ በምሥራቅ አዲስ አበባ፣ በሳሊተ ምሕረት አካባቢ የቧንቧ ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ በግቢና በጣሪያ ላይ የተቀመጠ ሮቶ የተለመደ የቤት ዕቃ ነው። አዲስ ለመግዛት አቅም ያጠረው ያገለገለውን ያፈላልጋል፤ ቤቱን ሠርቶ ያጠናቀቀውም ለግንባታ ውኃ ያጠራቀመበትን ይሸጣል። በገጠርም በርሜልና ጀሪካን ከእጅ ወደ እጅ ይዘዋወራሉ። ያገለገለ ዕቃ ዋጋው ይቀንሳል፤ ቀድሞ የያዘው ነገር ግን አብሮት ሊመጣ ይችላል።

ብዙ ገዥዎች ዕቃውን በሳሙና አጥበው፣ ጥቂት በረኪና ጨምረው ውኃ ይሞሉበታል። ለውኃ ብቻ ያገለገለ ሮቶ በአግባቡ ከታጠበ ለመጠጥ ውኃ ሊበቃ ይችላል። ፀረ ተባይ፣ ፀረ አረም ወይም ነዳጅ የያዘ ዕቃ ግን የቱንም ያህል ቢታጠብ አይበቃም።

በማጠብ የማይለቀው

ሮቶና ጀሪካን በአብዛኛው የሚሠሩት ፖሊኤቲሊን ከተባለው የፕላስቲክ ዓይነት ነው። ይህ ፕላስቲክ ውኃ አያስገባም፤ የነዳጅና የዘይት ባሕርይ ያላቸውን ፈሳሾች ግን በጥቂቱ ይመጥጣል። ናፍጣ የያዘ ጀሪካን ደጋግሞ ቢታጠብም ሽታው የማይለቀው በዚህ ምክንያት ነው። በርካታ ፈሳሽ ፀረ ተባዮችም ነዳጅ መሰል ማሟሚያ ተጨምሮባቸው ይዘጋጃሉ። በፕላስቲኩ ግድግዳ ውስጥ የቀረው ኬሚካል ኋላ ወደሚሞላው ውኃ፣ ወተት ወይም ጠላ ጥቂት በጥቂት ይመለሳል። መርዝ ደግሞ ሁልጊዜ አይሸትም። በረኪናም ተሐዋስያንን ይገድላል እንጂ ፕላስቲክ ውስጥ የሰረገ መርዝን አያወጣም።

ባዶ የፀረ ተባይ ዕቃ ሦስት ጊዜ ይለቅለቅ የሚለው ምክር በዚህ ረገድ በስሕተት ሊተረጎም አይገባም። የመለቅለቁ ዓላማ ቀሪውን ኬሚካል ወደ መርጫው መልሶ በማሳው ላይ ለመጠቀምና ዕቃውን ለማስወገድ ማዘጋጀት ነው። ከተለቀለቀ በኋላ ማንም ውኃ እንዳይቀዳበት መበሳት አለበት። ጭሱ መርዛማ ስለሚሆን በግቢ ውስጥ አይቃጠልም፤ አወጋገዱን በተመለከተ የቀበሌውን የግብርና ባለሙያ ማማከር ይገባል።

ስለዚህ ገዥው ሻጩን ዕቃው ምን ይዞ እንደነበረ፣ ከማን እንደተገዛና የተለጠፈው ወረቀት ለምን እንደተነሣ ሊጠይቅ ይገባል። የእሳት፣ የራስ ቅል ወይም ሌላ የአደጋ ሥዕል ያለበት ባለ አራት ማዕዘን ምልክት ማስጠንቀቂያ ነው። የብርጭቆና የሹካ ሥዕል ፕላስቲኩ ለምግብ እንዲሆን መሠራቱን ያመለክታል፤ ኋላ ምን እንደተሞላበት ግን አይናገርም። ታሪኩ ያልታወቀ ዕቃ ለመጠጥ፣ ለምግብም ሆነ ለከብት ውኃ አይውልም።

የሚጸዳው እንዴት ይጸዳል?

ውኃ ብቻ ይዞ እንደነበረ የተረጋገጠ ሮቶ በመጀመሪያ አሮጌው ውኃና ደለሉ እስኪወጣ ድረስ ይደፋል። ቀጥሎ ውስጡ፣ ክዳኑ፣ አፉና የቧንቧው መውጫ በሳሙናና እጀታው በረዘመ ብሩሽ ይፈተጋሉ። በግድግዳው ላይ የተጋገረው የሚያዳልጥ ልባስ ተሐዋስያንን ከበረኪናው ስለሚጋርድ መፈተጉ አይታለፍም። በተጨማሪም የደንጊ ትኩሳትን የምታስተላልፈው ትንኝ እንቁላሏን በዕቃ ግድግዳ ላይ ትለጥፋለች፤ እንቁላሉ በደረቅ ዕቃ ለወራት ቆይቶ ውኃ ሲያገኝ ይፈለፈላል። በሽታው በ2006 ዓ.ም. በድሬዳዋ በወረርሽኝ መልክ ተከስቶ ነበር።

አረፋው እስኪጠፋ ከተለቀለቀ በኋላ ሮቶው በንጹሕ ውኃ ተሞልቶ በረኪና ይጨመርበታል። የበረኪናው ጥንካሬ 5 በመቶ ከሆነ ለ1,000 ሊትር ውኃ 1 ሊትር፣ ለ500 ሊትር ግማሽ ሊትር ይበቃል። በጠርሙሱ ላይ 2.5 በመቶ ተብሎ ከተጻፈ መጠኑ በእጥፍ ይጨምራል። ሽቶ የተጨመረበት በረኪና ለዚህ ሥራ አይውልም። ከሮቶው የሚነሡት ቧንቧዎች የበረኪና ሽታ እስኪመጣባቸው ተከፍተው ይዘጋሉ፤ ውኃውም 24 ሰዓት ይቆያል። ይህ ውኃ ለሰውም ለከብትም አይጠጣም። ጊዜው ሲሞላ ወደ ወንዝ፣ ወደ ዓሣ ኩሬ ወይም ወደ ችግኝ በማይደርስበት ቦታ ይደፋል። ከዚያም ጠንካራው ሽታ እስኪለቅ ሮቶው በንጹሕ ውኃ ይለቀለቃል።

ከአጣቢው የሚጠበቅ ጥንቃቄ

በረኪና ከአሲድ፣ ከሎሚ፣ ከኮምጣጤ ወይም ከሌላ የሽንት ቤት ማጽጃ ጋር ፈጽሞ አይቀላቀልም። ከአሲድ ጋር ሲገናኝ የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ ሳንባን ይጎዳል፤ ከአየር ስለሚከብድም በሮቶው ወለል ላይ ይከማቻል። ልጅ ሰውነቱ ትንሽ ነው ተብሎ ወደ ውስጥ እንዲገባ ማድረግ ለሕይወት የሚያሰጋ ነው። ሮቶው መሬት ላይ ተጋድሞ ከውጭ ሊታጠብ ይገባል፤ አጣቢውም ጓንት ማድረግና ዓይኑን መጠበቅ አለበት።

የታጠበው ሮቶ ክዳኑ የሚገጥም መሆን አለበት፤ የትርፍ ውኃ መውጫውም በወንፊት ይሸፈናል። በ2009 ዓ.ም. በሶማሌ ክልል ቀብሪ ደሀር በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘችው አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለች የወባ ትንኝ በከተማ የውኃ ማጠራቀሚያዎች ውስጥ ትራባለች። በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ በባሌ ተከስቶ ወደ ሌሎች ክልሎች የተዛመተው ኮሌራም በተበከለ ውኃና ምግብ የሚተላለፍ በሽታ ነው።

በአንድ ግቢ ብዙ ተከራይ ከአንድ ሮቶ ይቀዳል። በመሆኑም የገዥው ስሕተት ጉዳቱ በቤተሰቡ ላይ ብቻ አይቆምም፤ ጎረቤቱም፣ የጎረቤቱም ሕፃን ከዚያው ይጠጣል። ሻጩ ዕቃው ምን እንደያዘ መናገር ካልቻለ ወይም ካልፈለገ ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ ለመጠጥ ውኃ አለመግዛት ይሻላል።