የነጻነት በጀት ዘላቂነት ይፈልጋል

በኒውዮርክ ከተማ፣ በብሩክሊን ሰንሴት ፓርክ ሰፈር፣ ከላቲን አሜሪካ የመጡ ሴቶች ለረጅም ዘመን ኑሯቸውን የመሠረቱት የሰው ቤት በማጽዳት ነው። በሰፈሩ እ.ኤ.አ. በ1978 የተቋቋመው ሴንተር ፎር ፋሚሊ ላይፍ የተባለ የማኅበረሰብ ማዕከል ረድቷቸው በ2006 «ሲ ሴ ፑዌዴ» የተሰኘ የኅብረት ሥራ ማኅበር መሠረቱ። ባለቤቶቹ ራሳቸው ሠራተኞቹ ናቸው። በ2014 ደግሞ የከተማው ምክር ቤት እንዲህ ያሉ ማኅበራትን ለማደራጀት 1.2 ሚሊዮን ዶላር በጀት ያዘ። ይህ ገንዘብ ተገቢ ነው፤ ፍሬ የሚያፈራው ግን ሳይቆራረጥና በጊዜው ሲከፈል ብቻ ነው።

ተገቢነቱን የሚያስረዳው ታሪኩ ነው። በ1935 የወጣው የአሜሪካ የሠራተኞች መደራጀት ሕግ የቤት ሠራተኞችን አላካተተም። የ1938ቱ የዝቅተኛ ደመወዝ ሕግም አብዛኞቹን እስከ 1974 ድረስ አግልሏቸዋል። መደራጀትን ሕግ የነፈጋቸው ሠራተኞች እንዲደራጁ መንግሥት ሲያግዝ ምጽዋት ሰጠ አይባልም፤ የቆየ ጉድለቱን ማረሙ ነው። «ለአንድ ወገን ብቻ ለምን?» የሚል ይኖራል። የምክር ቤቱ በጀት ግን በዘር አልተከፋፈለም፤ ለእነዚህ ሴቶች ሥልጠናውን በስፓኒሽ መስጠትም ትምህርቱ ሥራውን ለሚሠሩት ሰዎች የሚደርስበት መንገድ ነው።

ከዚህ የሚከብደው ተቃውሞ ሌላ ነው፤ ሴቶቹ በመካከላቸው «ታንዳ» የሚሉት፣ እንደ እኛ ዕቁብ ያለ የቁጠባ ልማድ ስላላቸው የመንግሥት እጅ አያስፈልጋቸውም ይላል። ታንዳ መተማመንንና መነሻ ገንዘብን በእርግጥ ይፈጥራል። የመተዳደሪያ ደንብ የሚያረቅ የሕግ ባለሙያ፣ ሒሳብ የሚያስተምር ሰው፣ እናት ስትሰበሰብ ልጇን የሚጠብቅላት ክፍል ግን ከዕጣው አይወጡም። ማዕከሉ የሚያሟላው ይህንን ነው። ጥገኛ ያደርጋቸዋል የሚለው ስጋትም አያስኬድም፤ ማኅበሩ ከቆመ በኋላ አባላቱ የሚኖሩት ከደንበኛ በሚያገኙት ክፍያ ነው።

እውነተኛው ድክመት ያለው በአከፋፈሉ ላይ ነው። በኒውዮርክ አብዛኛው የማኅበራዊ አገልግሎት ውል ድርጅቱ መጀመሪያ ከኪሱ አውጥቶ ኋላ እንዲተካለት ያዛል። በ2022 ከተማው ላልተከፈላቸው ድርጅቶች ከ4 ቢሊዮን ዶላር በላይ ውዝፍ ለማጽዳት ልዩ ዘመቻ እስከመክፈት ደርሷል። ተጠባባቂ ገንዘብ ያለው ትልቅ ድርጅት እንዲህ ያለውን መዘግየት ይችለዋል፤ ትንሹ ማዕከል ግን ወይ ይበደራል ወይ አሠልጣኙን ያሰናብታል። የፌዴራሉ የማኅበረሰብ ልማት ድጎማም ለአገልግሎት የሚውለውን ድርሻ በአብዛኛው በ15 በመቶ ስለሚገድብ፣ ሥልጠናና የሕፃናት ማቆያ በአንድ ጠባብ ቋት ይሻማሉ።

ማኅበር በአንድ የበጀት ዓመት አይጸናም፤ ደንቡን ለመስማማት፣ ደንበኛ ለማፍራት፣ አመራር ለማብቃት ዓመታት ይወስዳል። ስለዚህ ከተሞች ቢያንስ የሦስት ዓመት ውል ይግቡ፣ ከገንዘቡም ከፊሉን አስቀድመው ይክፈሉ። በምላሹ ማዕከላቱ የሠልጣኝ ቁጥር ቆጥረው ብቻ አይለፉ፤ የአባላቱ ገቢ ምን ያህል እንዳደገና ማኅበሩ ከድጎማው በኋላ መቆም አለመቆሙን ለሕዝብ ያሳዩ። ግብር ከፋዩ ውጤት የመጠየቅ መብት አለው፤ ውጤቱ የሚፈልገውን ጊዜ መስጠትም ግዴታው ነው።