የምግብ ብክለት ሕመም መንስኤዎችና የካፋ ዞን አመጋገብ

ከአንድ ድግስ የተመለሱ ሰዎች ትውከትና ተቅማጥ ይዟቸው ወደ ጤና ጣቢያ ሲመጡ፣ ባለሙያው በቅድሚያ ሊያነሳቸው የሚገቡ ጥያቄዎች ሁለት ናቸው፤ ምን ተበላ? ሕመሙስ ከስንት ሰዓት በኋላ ጀመረ?

ከ1 እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ኃይለኛ ትውከት ከተከሰተ ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ የሚያመነጨው መርዝ ይጠረጠራል። ባክቴሪያው ከምግብ አዘጋጁ የእጅ ቁስል ወይም አፍንጫ ወደ ምግቡ ይገባል፤ መርዙ ምግቡ እንደገና ቢፈላም አይጠፋም። ከ6 እስከ 24 ሰዓት ቆይቶ የሚመጣ የሆድ ቁርጠትና ተቅማጥ፣ በትልቅ ድስት ተሠርቶ ቀስ በቀስ በቀዘቀዘ ወጥ ውስጥ የሚራባውን ክሎስትሪዲየም ፐርፍሪንጀንስ ያመለክታል። ትኩሳት ሲታከልበትና እስከ 72 ሰዓት ሲዘገይ ደግሞ ሳልሞኔላ ይታሰባል።

በቦንጋና በአካባቢዋ፣ እንደ ሌላው የአገራችን ክፍል ሁሉ፣ ጥሬ ሥጋ ይወደዳል። ከዚህ የሚመጣው የኮሶ ትል ለአካለ መጠን ለመድረስ 3 ወር ያህል ስለሚወስድበት ሕመምተኛው ከበላው ሥጋ ጋር አያገናኘውም። ከብቱ በሽታውን የሚያገኘው የሰው ዓይነ ምድር ከነካው ግጦሽ በመሆኑ፣ ሥጋን አብስሎ ከመብላት ጋር የመጸዳጃ ቤት አጠቃቀምም ሊታሰብበት ይገባል። ዝናብ በሚበዛበት በካፋ ዞን ጎርፍ ይህንኑ ቆሻሻ ወደ ምንጭ ውኃ ሊያደርሰው ይችላል።

መንስኤው ምንም ይሁን ምን፣ በተለይ ሕፃናትን ለሞት የሚያበቃቸው የፈሳሽ እጥረት ነው። ስለሆነም ከፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት በፊት ኦ.አር.ኤስ. ይቅደም፤ የሩዝ ውኃ የመሰለ ተቅማጥ ሲታይም ኮሌራ ተጠርጥሮ ወዲያውኑ ሪፖርት ይደረግ።