ርካሹ መልቲሜትር ምን ያህል ይታመናል? ተረትና እውነታ

ስልክ፣ ቻርጀር ወይም ሬዲዮ መጠገን የጀመረ ሰው ያለ መልቲሜትር ብዙ አይራመድም። በመርካቶም ሆነ በክልል ከተሞች የኤሌክትሪክ ዕቃ መደብሮች በብዛት የሚገኙት በ9 ቮልት ባትሪ የሚሠራው ዲቲ-830 እና መሰሎቹ ናቸው። ስለ እነዚህ መሣሪያዎች ሁለት ተቃራኒ ወሬ ይሰማል። አንዱ «መጫወቻ ነው፣ ብርህን አትጣል» ሲል፣ ሌላው «ሁሉም ቁጥር ያሳያል፣ ውዱን ለምን ትገዛለህ?» ይላል። ሁለቱም ትክክል አይደሉም። ርካሽ መልቲሜትር ለቦርድና ለባትሪ ሥራ የሚታመን ዕቃ ነው። ድክመቱ የሚገለጠው ከልኬቱ ይልቅ በመከላከያው ነው። ይህን ያልለየ ሰው ወይ ገንዘቡን በከንቱ ያወጣል፣ ወይ ሕይወቱን ለአደጋ ይሰጣል። ስለዚህ በየሱቁና በየጥገና ቤቱ የሚነገሩትን አንድ በአንድ እንመልከት።

ተረት 1፦ «ርካሽ ስለሆነ ልኬቱ አይታመንም»

እውነታው፦ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ኢንተርሲል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ አይሲኤል 7106 የተሰኘ ቺፕ ሲያወጣ፣ ቮልቴጅን ወደ ቁጥር የመለወጡና ቁጥሩን በስክሪን የማሳየቱ ሥራ በአንድ ቺፕ ተጠቃለለ። ከዚያ ወዲህ ዲሲ ቮልት በደንብ ለመለካት ብዙ ገንዘብ ማውጣት ግድ መሆኑ ቀረ። የርካሾቹ መመሪያ ብዙውን ጊዜ ለዲሲ ቮልት 0.5 በመቶ አካባቢ የስህተት መጠን ይጽፋል። የስልክ ባትሪ 3.7 ይሁን 4.2 ቮልት፣ ቻርጀር 5 ቮልት ያውጣ አያውጣ ለማወቅ ይህ ከበቂ በላይ ነው።

ልኬቱ የሚበላሽበት ጊዜ ግን አለ፤ የመሣሪያው የራሱ ባትሪ ሲደክም። ብዙዎቹ ርካሽ መልቲሜትሮች ባትሪያቸው ሲዳከም ከእውነቱ ከፍ ያለ ቁጥር ማሳየት ይጀምራሉ። የደከመውን ባትሪ ደህና፣ ደህናውን ቻርጀር ከልክ ያለፈ ያስመስላሉ። በስክሪኑ ላይ የባትሪ ምልክት ከታየ መለካቱን ትቶ መጀመሪያ ባትሪውን መቀየር ነው።

ተረት 2፦ «አሃዙ የበዛ መልቲሜትር የበለጠ ትክክል ነው»

እውነታው፦ የአሃዝ ብዛት የሚነግረን መሣሪያው ምን ያህል ጥቃቅን ልዩነት እንደሚያሳይ ነው። ያሳየው ቁጥር ከእውነቱ ምን ያህል ሊርቅ እንደሚችል የሚነግረን ግን በመመሪያው የተጻፈው የስህተት መጠን ነው። በምሳሌ እንየው። እስከ 1999 የሚቆጥር መሣሪያ በ20 ቮልት መደብ (ሬንጅ) 5.00 ብሎ ያነባል። ስህተቱ «0.5 በመቶ ሲደመር 2 አሃዝ» ከሆነ፣ ልዩነቱ እስከ 0.045 ቮልት ይደርሳል። እስከ 6000 የሚቆጥረው ሌላው መሣሪያ በ6 ቮልት መደብ 5.000 ብሎ ያነባል፤ ስህተቱ «0.8 በመቶ ሲደመር 3 አሃዝ» ከሆነ ልዩነቱ 0.043 ቮልት ነው። አንድ አሃዝ ተጨመረ፣ እውነቱ ግን ባለበት ቆመ። ስለዚህ በካርቶኑ ላይ በትልቁ ከተጻፈው የቆጠራ ቁጥር በፊት በመመሪያው ውስጥ በትንሹ የተጻፈውን የስህተት ሠንጠረዥ ያንብቡ። ሠንጠረዡ ለዲሲ ቮልት፣ ለኤሲ ቮልትና ለአምፒር የተለያየ መሆኑንም ያስተውሉ፤ ብዙ ጊዜ ከሁሉም የተሻለው የዲሲ ቮልቱ ነው።

ተረት 3፦ «መልቲሜትር ይለካል እንጂ የሚለካውን አይነካም»

እውነታው፦ መልቲሜትር ሲገናኝ የሰርኪዩቱ አንድ አካል ይሆናል። ሁለት ባለ 1 ሜጋ ኦም ሬዚስተሮችን በተከታታይ አገናኝተን 9 ቮልት ብንሰጣቸው በመሐላቸው 4.5 ቮልት መኖር አለበት። የውስጥ ተቃውሞው 10 ሜጋ ኦም የሆነ መሣሪያ እዚያ ላይ 4.29 ያነባል። እንደ ብዙዎቹ የዲቲ-830 ዓይነቶች 1 ሜጋ ኦም ብቻ ያለው ደግሞ 3.0 ያነባል። ያን ቁጥር ያመነ ጠጋኝ ደህና ሬዚስተር ነቅሎ ይጥላል። በሬዚስተሮቹ ቦታ ባለ 10 ኪሎ ኦም ቢገቡ ግን ያው ባለ 1 ሜጋ ኦም መሣሪያ 4.48 ያነባልና ችግር የለም።

የዚህ ተቃራኒም አለ። 10 ሜጋ ኦም ያለው መሣሪያ ከምንም ጋር ያልተገናኘ፣ ነገር ግን ኤሌክትሪክ ካለው ሽቦ ጎን ለጎን የተዘረጋ ሽቦ ላይ በአሥሮች የሚቆጠር ቮልት ሊያሳይ ይችላል። ይህ ከጎኑ ሽቦ የተጋባ እንጂ ጭነት የሚሸከም ኃይል አይደለም። ያም ሆኖ መስመሩ መቋረጡ በሚገባ እስኪረጋገጥ ድረስ ኤሌክትሪክ እንዳለበት ቆጥሮ መጠንቀቅ ግዴታ ነው።

ተረት 4፦ «ጢጥ ካለ ሽቦው ደህና ነው»

እውነታው፦ አብዛኛው መልቲሜትር በመለኪያ ጫፎቹ መካከል ያለው ተቃውሞ ከጥቂት አሥር ኦሞች በታች ከሆነ ይጮኻል። የስልክ ቻርጀር ኬብልን እንውሰድ። ከውስጥ ክሮቹ አብዛኞቹ ተበጥሰው አንድ ሁለት ክር ብቻ የቀረው ኬብልም ይጮኻል። ነገር ግን የደርሶ መልስ ተቃውሞው 1 ኦም ቢሆን እንኳ 1 አምፒር ሲያልፍበት 1 ቮልት ይበላል፤ ከቻርጀሩ የወጣው 5 ቮልት ስልኩ ዘንድ 4 ሆኖ ይደርሳል። ባለቤቱ «ስልኬ ቻርጅ አይዝም» ይላል፣ ጠጋኙም በከንቱ ስልኩን ይፈታል። የኬብል ጤና የሚታወቀው ጭነት ላይ ሆኖ በሁለቱ ጫፎች ያለው ቮልት ሲነጻጸር ነው። ኦም ሲለካ ደግሞ መጀመሪያ ሁለቱን የመለኪያ ጫፎች አነካክቶ የሚታየውን ቁጥር መያዝና ከውጤቱ መቀነስ ያሻል፤ የርካሽ መልቲሜትር ገመዶች ብቻቸውን ጥቂት አሥረኛ ኦም አላቸው።

ተረት 5፦ «ትሩ አርኤምኤስ ለሁሉም ያስፈልጋል» ወይም «ለማንም አያስፈልግም»

እውነታው፦ ትሩ አርኤምኤስ ንጹሕ ሳይን ያልሆነ ሞገድንም በትክክል የሚለካ መልቲሜትር ነው፤ ማስፈለጉ በሥራዎ ላይ የተመሠረተ ነው። ተራው መልቲሜትር የኤሲ ቮልትን አማካይ ወስዶ፣ ሞገዱ ንጹሕ ሳይን ነው ብሎ በማሰብ በ1.11 ያባዛል። ለግድግዳ ሶኬት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ይህ ይሠራል። መብራት ሲጠፋ የምንጠቀምባቸው ርካሽ ኢንቨርተሮች ግን ብዙዎቹ ደረጃ ያለው አራት ማዕዘን መሰል ሞገድ ያወጣሉ። ሞገዱ ግማሹን ጊዜ ዜሮ ላይ የሚያርፍ ከሆነ፣ በትክክል 220 ቮልት የሚያወጣ ኢንቨርተር በተራው መልቲሜትር 173 አካባቢ ይነበባል። ይህን አይቶ ኢንቨርተሩን «ለማስተካከል» ከፍ ያደረገ ሰው የደንበኛውን ቴሌቪዥን ያቃጥላል። ኢንቨርተርና ሶላር የሚጠግን ሰው እንግዲህ ትሩ አርኤምኤስ ይግዛ። ሥራው ባትሪና የስልክ ቦርድ ብቻ የሆነ ሰው ግን ለዚህ ተጨማሪ ብር መክፈሉ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

ተረት 6፦ «ካት 3፣ 600 ቮልት ተጽፎበታል፤ የትም ቦታ ይሠራል»

እውነታው፦ ከሁሉም በላይ ልብ ሊባል የሚገባው ይህ ነው። «ካት» የሚለው ምድብ መሣሪያው የት ቦታ በደህና ሊያገለግል እንደሚችል ይናገራል። ካት 2 ሶኬት ላይ ለሚሰኩ ዕቃዎች፣ ካት 3 ለቤቱ ቋሚ መስመርና ለብሬከር ሳጥን፣ ካት 4 ከቆጣሪው ወደ ውጭ ላለው መስመር ነው። በ220 ቮልት መስመር ላይ መብረቅ ሲወርድ ወይም ትልቅ ሞተር ሲነሳና ሲቆም ለቅጽበት በሺዎች የሚቆጠር ቮልት ሊያልፍ ይችላል። ካት 3፣ 600 ቮልት የተባለ መሣሪያ 6,000 ቮልት የሚደርስ ቅጽበታዊ ግፊት መቋቋም አለበት። ያን የሚያስችሉት የውስጥ መከላከያ ክፍሎች፣ በቦርዱ ላይ ያለው ርቀትና ጥሩ ፊውዝ ናቸው፤ ርካሽ አምራች ደግሞ ዋጋ ለመቀነስ አስቀድሞ የሚነካው እነዚህን ነው። በፕላስቲኩ ላይ የታተመ ጽሑፍ መከላከያ አይሆንም። «ሲኢ» የሚለው ምልክትም በአብዛኛው የአምራቹ የራሱ ቃል ነው፤ እንደ ዩኤል፣ ሲኤስኤና ቲዩቪ ያሉ ገለልተኛ ተቋማት የመረመሩት መሣሪያ ሌላ ነው።

ተረት 7፦ «ፊውዙ ከተቃጠለ በሽቦ ማገናኘት ይበቃል»

እውነታው፦ አይበቃም፤ ይገድላል። የመለኪያ ገመዱን በአምፒር ቀዳዳ ረስቶ ጫፎቹን ሶኬት ውስጥ ማስገባት ማንም ሊሠራው የሚችል ስህተት ነው። በ10 አምፒር ቀዳዳው ውስጥ ያለው ተቃውሞ እጅግ ጥቂት ስለሆነ ያ ድርጊት ሶኬቱን ሾርት ማድረግ ነው። በዚያች ቅጽበት በእጃችንና በፍንዳታው መካከል የሚቆመው ፊውዙ ብቻ ነው። ትንሹ የብርጭቆ ፊውዝ እንኳ በትልቅ ኃይል ሊሰነጠቅና የኤሌክትሪክ ቅስቱ (አርኩ) በውስጡ ሊቀጥል ይችላል። በአሸዋ የተሞላው የሴራሚክ ፊውዝ ግን ቅስቱን ያጠፋል። በብዙዎቹ የዲቲ-830 ዓይነቶች ላይ ደግሞ የ10 አምፒሩ ቀዳዳ ጭራሽ ፊውዝ የለውም፤ አጠገቡ በእንግሊዝኛ በግልጽ ተጽፎበታል። በፊውዝ ቦታ ሽቦ ወይም የሲጋራ ፓኬት ብርማ ወረቀት ያደረገ ሰው ሁሉንም ቀዳዳ እንደዚያ አደገኛ አድርጎታል።

ሲገዙ ምን ይመልከቱ?

ሱቅ ውስጥ እያሉ ሊደረግ የሚችል ፍተሻ አለ። ሁለቱን ጫፎች አነካክተው ድምፁ ሳይዘገይ መምጣቱን ይስሙ፤ ገመዱን እያጠማዘዙ ድምፁ መቆራረጡን ይከታተሉ። አዲስ 1.5 ቮልት ባትሪ ይለኩ፤ አዲስ አልካላይን ከሆነ 1.6 አካባቢ ያሳያል። መምረጫው በየመደቡ ላይ ጥርት ብሎ መቀመጡን ይፈትሹ። ሻጩ ከፈቀደ ጀርባውን ከፍተው ፊውዙ የብርጭቆ ይሁን የሴራሚክ ይዩ፤ ተለዋጭ ፊውዝም አብረው ይግዙ።

ፍርዱ ይህ ነው፦ ርካሹን መልቲሜትር ለባትሪ፣ ለቻርጀር ውጤትና ለቦርድ ሥራ ያለ ስጋት ይግዙት፤ ብዙ ያስተምራል፣ ሠርቶም ይከፍላል። ወደ ብሬከር ሳጥንና ወደ ቆጣሪ ግን ይዘውት አይሂዱ። ለዚያ ሥራ በገለልተኛ ተቋም የተመረመረ መሣሪያ ያስፈልጋል፤ ያ መሣሪያ እስኪገኝ ሥራውን መሣሪያው ላለው ባለሙያ መተው ይሻላል። ተለማማጆችን የምታስተምሩ ባለሙያዎች ደግሞ አደራ፦ ከኦምና ከቮልት በፊት አስቀድማችሁ ስለ ፊውዝ አስተምሯቸው።