የሌሊት ወፍ የምራቅ ዕጢ በማይክሮስኮፕ ሲታይ

ማታ ወደ ሐረር ፈላና በር የሚወጣ እንግዳ ዓይኑ የሚያርፈው ሥጋ በሚጎርሰው ጅብ ላይ ነው። ከጅቡ በላይ በጨለማው የሚያልፈውን የሌሊት ወፍ ቀና ብሎ የሚመለከት ጥቂት ነው። በዚህ ትንሽ እንስሳ አፍ ውስጥ የሚከናወነው ሥራ ግን ከጅብ መንጋጋ ያላነሰ ያስደንቃል።

በአገራችን ከሚገኙት ዝርያዎች አንዱ የግብጽ ፍሬ በል የሌሊት ወፍ ነው። ፍሬውን ጨፍልቆ ጭማቂውን ይውጣል፤ ቃጫውን ይተፋል። ለዚህም ብዙ ምራቅ ያስፈልገዋል። ምራቁን የሚያመነጩት ዋና ዋና ዕጢዎች፣ እንደ እኛው ሁሉ፣ ከጆሮ፣ ከመንጋጋና ከምላስ ሥር ይገኛሉ።

ከዕጢው በስሱ የተቆረጠ ናሙና በማይክሮስኮፕ ሲታይ፣ አመንጪዎቹ ህዋሳት በጠባብ ቀዳዳ ዙሪያ እንደ ወይን ፍሬ ተሰብስበው ይታያሉ። ከፊሎቹ በፕሮቲን እንክብሎች የተሞሉ ናቸው፤ ሌሎቹ ዝልግልግ ፈሳሽ ያዘሉ ናቸው። ከእነርሱ የሚወጣው ምራቅ አፍ ከመድረሱ በፊት ባለሽንትር ቱቦዎችን ያቋርጣል። ሽንትር የመሰለው፣ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ እንደታየው፣ የቱቦው ህዋሳት የታችኛው ሽፋን ደጋግሞ በመታጠፉና በእጥፋቶቹ መካከል ማይቶኮንድሪያ ቀጥ ብለው በመደርደራቸው ነው። ማይቶኮንድሪያ ኃይል ያቀርባሉ፤ በዚህም ኃይል ቱቦው ከምራቁ ውስጥ ሶዲየምን መልሶ ይወስዳል። ማንጎም ሆነ ዘይቱና ፖታሲየም እንጂ ሶዲየም አይበዛባቸውም። ስለዚህ ፍሬ በሎቹ ያላቸውን ጨው በምራቅ ማባከን አይችሉም፤ ቱቦዎቻቸውም በእጥፋት የበለጸጉ ናቸው። ነፍሳት በሎቹ ከምግባቸው በቂ ሶዲየም ስለሚያገኙ እጥፋታቸው አነስተኛ ነው። የሠለጠነ ዓይን ቱቦውን ብቻ አይቶ እንስሳው ምን ይበላ እንደነበር ሊገምት ይችላል ማለት ነው።

ይኸው የምራቅ መውጫ ለበሽታም መንገድ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስ ከአንጎል በነርቭ ተጉዞ ዕጢው ውስጥ ይገባል፤ ይራባና በህዋሳቱ አናት በኩል ወደ ጠባቡ ቀዳዳ ወጥቶ ከምራቅ ጋር ይፈሳል። የዚህ ቫይረስ ዘመድ የሆነው የሌጎስ የሌሊት ወፍ ቫይረስ እ.ኤ.አ. በ1956 በናይጄሪያ ከፍሬ በል የሌሊት ወፍ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ1992 የታተመ ጥናት ደግሞ ከኢትዮጵያ የተሰበሰቡ 115 ናሙናዎችን መርምሮ ይህንኑ ቫይረስ በአንድ ውሻ ላይ አግኝቷል። የተለመደው ክትባት ለዚህ ዘመድ ቫይረስ የሚሰጠው ከለላ ደካማ ስለሆነ ቁስልን ማጠብ ከፍ ያለ ዋጋ አለው። የሌሊት ወፍ የነከሰው ወይም የቧጨረው ሰው ቁስሉን 15 ደቂቃ ያህል በሳሙናና በውሃ አጥቦ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም መሄድ ይኖርበታል።