ያውቁ ኖሯል? ከክሮይደን ወደ ስሜን ተራሮች

ያውቁ ኖሯል? በመላው ብሪታንያ ከሁሉ የሚረዝመው ተራራ ቤን ኔቪስ 1,345 ሜትር ብቻ ነው! የስሜን ተራሮች መግቢያ ደባርቅ ከተማ ግን 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ተቀምጣለች። ደባርቅ ላይ ቁጭ ብለው ቡና ሲጠጡ፣ ገና አንድ እርምጃ ሳይራመዱ፣ ከብሪታንያ ጫፍ በእጥፍ ከፍ ብለዋል!

ሦስት ቤን ኔቪስ ቢደራረብ እንኳ የቧሂትን አናት አይነካም! ቧሂት 4,430 ሜትር ነው። ራስ ደጀን ደግሞ ከ4,500 ሜትር ያልፋል!

ለክሮይደን ነዋሪ መንገዱ የሚጀምረው ከደጁ ነው! ከኢስት ክሮይደን ባቡር ጣቢያ ጋትዊክ ለመድረስ ሩብ ሰዓት ያህል ይበቃል። የኢትዮጵያ አየር መንገድም እ.ኤ.አ. በ2023 ጋትዊክ ማረፍ ጀምሯል። (እዚህ የሚያነቧቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከአዲስ አበባ ጎንደር በአውሮፕላን፣ ከጎንደር ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል በመኪና!

እዚሁ ክሮይደን ማን እንዳረፈ ያውቃሉ? ታላቁ ተጓዥ ሰር ዊልፍሬድ ቴሲጀር! በ1910 አዲስ አበባ፣ በእንግሊዝ ሌጋሲዮን ግቢ ተወለደ፤ በነሐሴ 2003 በ93 ዓመቱ ክሮይደን ውስጥ ዐረፈ። የመጨረሻ ዘመኑን ያሳለፈው ኩልስደን በሚገኝ የአረጋውያን መኖሪያ ነው። የክሮይደን ሐበሻ ሁሉ ለልጁ ሊነግረው የሚገባ ታሪክ ነው!

የዚህ ሰው ዕድሜ ራሱ ተአምር ነው! በስድስት ዓመቱ ከሰገሌ ጦርነት የተመለሰው ድል አድራጊ ሠራዊት አዲስ አበባ ሲገባ በዓይኑ አየ። በ20 ዓመቱ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ላይ ተጋባዥ ሆነ። በ1930ዎቹ አዋሽን ተከትሎ ወንዙ በረሃ ውስጥ እስከሚያልቅበት ወረደ። በ1941 ከአርበኞች ጎን ተሰልፎ ፋሺስትን ወጋ። በ1960 ደግሞ ሰሜን ኢትዮጵያን በበቅሎ ዞረ!

የቴሲጀር ፎቶዎችስ? 38,000 ያህል ኔጋቲቮች ኦክስፎርድ በሚገኘው ፒት ሪቨርስ ሙዚየም ተቀምጠዋል! ስንቅዎን ከመቋጠርዎ በፊት የእሱን ኢትዮጵያ ይመልከቱ።

የስሜን ፓርክ የመጀመሪያው ዋርደን ማን ነበር? በ20ዎቹ ዕድሜ ያለ የዌልስ ተወላጅ፣ ክላይቭ ኒኮል! ከ1967 እስከ 1969 እዚያ አገለገለ። ካራቴ ያውቅ ነበር! በኋላም ጃፓን ገብቶ ዜግነት ወሰደ፣ ስመ ጥር ደራሲ ሆነ፣ እዚያም ደን ሲያለማ ኖሮ በ2020 ዐረፈ!

ዩኔስኮ በ1978 የዓለም ቅርስ መዝገቡን ሲከፍት ያሰፈረው 12 ቦታ ብቻ ነው። ከ12ቱ ሁለቱ የእኛ ናቸው፦ ላሊበላና ስሜን! ስሜን በ1996 አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ጋር ተመዘገበ፤ ከዚያ መዝገብ የወጣው ከ21 ዓመት በኋላ በ2017 ነው!

ብቻዬን እገባለሁ እንዳይሉ! ፈቃድ የሚወጣው ደባርቅ ካለው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ነው፤ ጠመንጃ ያነገተ ስካውትም አብሮዎት ይጓዛል። አስጎብኚው፣ ምግብ አብሳዩና ባለ በቅሎው እዚያው ይገኛሉ። እርስዎ በውድ ቦት ጫማ እያለከለኩ፣ ስካውቱ በኮንጎ ጫማ ቀድሞዎት አናት ላይ ቆሞ ይጠብቅዎታል!

ስካውቱ ለምን አያለከልክም? ስሜን ውስጥ 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ሰዎች ደማቸው ሲመረመር የሄሞግሎቢናቸው መጠን ባሕር ጠረፍ ከሚኖር ሰው ጋር ተቀራራቢ ሆኖ ተገኘ! የኦክስጅን ሙሌታቸውም በአማካይ 95 ከመቶ! የአንዲስ ተራራ ነዋሪዎች ደም ይወፍራል፤ የቲቤቶች የኦክስጅን ሙሌት ዝቅ ይላል። የስሜኖቹ ግን ከሁለቱም አይደሉም፤ በራሳቸው መንገድ ተላምደውታል!

እርስዎ ግን ደገኛ ነኝ ብለው አይዘናጉ! ዓመታት ክሮይደን የኖረ ሰውነት ከፍታውን እንደ አዲስ መልመድ አለበት። ራስ ደጀን አናት ላይ አየሩ የሚሰጥዎት ኦክስጅን ባሕር ወለል ላይ ከሚያገኙት ከግማሽ ብዙም አይበልጥም! ከ3,000 ሜትር በላይ የማደሪያዎን ከፍታ በአንድ ቀን ከ500 ሜትር በላይ አይጨምሩ። ደግነቱ ካምፖቹ ራሳቸው ደረጃ በደረጃ ናቸው፦ ሳንቃበር 3,250፣ ግጭ 3,600፣ ጨነቅ 3,620 ሜትር!

በረዶ? አዎ፣ በረዶ! አዱሊስ ላይ ቆሞ የነበረ የአክሱም ዘመን የድንጋይ ጽሑፍ፣ ስሜን የዘመተው ሠራዊት እስከ ጉልበት በሚያሰምጥ በረዶ ውስጥ ማለፉን ይናገራል! ድንጋዩ ዛሬ የለም፤ ቃሉ የተረፈው አንድ መንገደኛ በ6ኛው መቶ ዘመን ገልብጦት ስለሄደ ነው! ወፍራም ስሊፒንግ ባግ ይያዙ፤ በታኅሣሥና በጥር ሌሊቱ ውሃ ያረጋል።

ጭላዳ ሣር በል ነው! ከዝንጀሮ ዓይነቶች ሁሉ እንዲህ በሣር የሚኖር ሌላ አልቀረም። ቀን ሜዳው ላይ በመቶዎች ሆኖ ይግጣል፤ ሲመሽ ገደሉ ላይ ወርዶ ጠባብ ጠርዝ ላይ ይተኛል!

ወንዱ ጭላዳ ከንፈሩን እያማታ የሚያሰማው ድምፅ ምቱ ከሰው ንግግር ጋር ይቀራረባል! አጠገባቸው ቁጭ ያለ ሰው የሚንሾካሾክ ሕዝብ መሃል ያለ ይመስለዋል!

ይባስ ብሎ ጭላዳዎች ይደባበቃሉ! ሴቷ ከቤቱ አባወራ ተደብቃ ከሌላ ወንድ ጋር ስትሆን ሁለቱም ድምፃቸውን ይቀንሳሉ! አባወራው ከደረሰባቸው ግን ሁለቱንም ይቀጣል! ይህ የታየው እዚያው ስሜን ነው።

ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ከ500 የማይበልጡ አዋቂዎች ብቻ የቀሩት እንስሳ ነው! መንዝ ጓሳ ላይ በጭላዳ መንጋ መሃል ሰተት ብሎ ገብቶ አይጥ ያድናል፤ ጭላዳዎቹም አይሸሹትም። ብቻውን ሲያድን ከአራት ሙከራ አንዱ ይሳካለታል፤ ከእነሱ ጋር ሲሆን ከሦስት ሁለቱ!

ባሌ ላይ ደግሞ ይኸው ሥጋ በል አውሬ እንደ ችቦ ቀልቶ የሚያብብ አበባ እየላሰ ማሩን ሲጠጣ ታየ! አንዳንዱ በአንድ ዙር እስከ 30 አበባ ያዳርሳል! አፍንጫው በብናኝ ይለወሳል፤ እንደ ንብ አበባ ሳያራባ አይቀርም!

ጅብራ የተባለው ተክል ለዓመታት ቅጠል ብቻ ሆኖ ይቆያል፤ ድንገት ከሰው ቁመት በላይ ተመዞ ያብባል፤ ዘሩን ይረጭና ይሞታል! በሕይወቱ አንዴ ብቻ!

ጺማሙ ጥንብ አንሳ ዋና ምግቡ አጥንት ነው! አልሰበር ሲለው ወደ ሰማይ ይዞት ይወጣና አለት ላይ ይለቀዋል። ክንፉ ሲዘረጋ ከ2 ሜትር ተኩል ይረዝማል! ጨነቅ ላይ ከገደሉ አፋፍ ቢቆሙ ከእግርዎ በታች ሲበር ጀርባውን ያዩታል!

አንድ ነገር ግን እንዳይዘነጉ! ከ2023 ወዲህ በአማራ ክልል ባለው ግጭት ምክንያት የብሪታንያ መንግሥት ወደዚያ እንዳይጓዙ ሲያስጠነቅቅ ቆይቷል። ማስጠንቀቂያውን ተላልፈው ከሄዱ የጉዞ ኢንሹራንስዎ ላይሠራ ይችላል! ትኬት ከመቁረጥዎ በፊት የወቅቱን ማሳሰቢያ ያንብቡ፤ ደባርቅ ያሉትንም ደውለው ይጠይቁ።

እስከዚያው ጭላዳን ለማየት ኮልቸስተር ይበቃዎታል! ከለንደን ሊቨርፑል ስትሪት አንድ ሰዓት ያህል በባቡር! እዚያ ባለው የእንስሳት ማቆያ ቀይ ደረታቸውን ገልጠው ይጠብቁዎታል።

ዋልያን ግን ኮልቸስተር አያገኙትም! በዓለም ላይ በዱር የሚኖረው ስሜን ላይ ብቻ ነው። የወንዱ ቀንድ ከ1 ሜትር ያልፋል! ቁጥሩም በቅርብ ዓመታት ክፉኛ አሽቆልቁሏል። ብሔራዊ የእግር ኳስ ቡድናችን በስሙ የሚጠራበት እንስሳ፣ የቀረው በእነዚያ ገደሎች ላይ ብቻ ነው!