በጊታር ሆድ ውስጥ ያለው ማገር

አሮጌ ጊታር በውድ ዋጋ በተሸጠ ቁጥር አንድ ወሬ አብሮ ይነዛል፤ እንጨቱ እንደ ወይን ጠጅ እየከረመ ድምፁ ጣፈጠ ይባላል። ይህ ወሬ አሰልችቶኛል። ያገለገለ ጊታር ሊገዛ የተነሣ ሰው ማየት ያለበትን ትቶ የተሠራበትን ዓመት ብቻ እንዲቆጥር ያደርገዋል። እ.ኤ.አ. በ2020 የሮክ ዘፋኙ የከርት ኮቤይን ማርቲን ጊታር በጨረታ ከ6 ሚሊዮን ዶላር በላይ ያወጣው በ1993 በኤምቲቪ መድረክ ስለተጫወተበት ነው። ስለ እንጨት ዕድሜ ያስተማረን ነገር የለም።

ክሩ በርኩማውን (ቃሉን ከበገና ልዋስና) ይነቀንቃል፣ በርኩማው የፊቱን ጣውላ፣ ጣውላው አየሩን። ይህን እንለፈው። ጭንቁ ያለው ስድስቱ የብረት ክሮች ሲወጠሩ ነው፤ በድምሩ ወደ 75 ኪሎ በሚጠጋ ጉልበት ይስባሉ። የሚሳበው ጣውላ ደግሞ ውፍረቱ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ከውስጥ ማገር ባይለጠፍበት ይጎብጥ ነበር። (ብሬሲንግ የሚሉትን «ድጋፍ» ማለት ይቻል ነበር፤ ግን ድጋፍ ከውጭ የቆመ ምሰሶ ይመስላል። ማገር ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ አብሮ ይኖራል።) ማገሩ ሲበዛ ደግሞ ጣውላው ይታፈናል፤ ቆዳው እንደ ወፈረ ከበሮ ይሆናል።

ታዲያ ሠሪው ከማገሩ ምን ያህል ይላግ? ሳንቃን አጋድመን ብንረግጠው ይለምጣል፤ በጠርዙ አቁመን ብንረግጠው ንቅንቅ አይልም። እንጨቱ ያው ነው፣ የተለወጠው ከፍታው ነው። የማገር ግትርነት የሚሄደው በከፍታው ኪዩብ ነው፦ ከፍታውን በግማሽ ብንቀንሰው ክብደቱ በግማሽ ሲቀንስ፣ ግትርነቱ ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። 10 ሚሊ ሜትር የነበረውን ወደ 9 ብናወርደው 27 በመቶ ግትርነት ይሄዳል። መላጊያው ጥቂት ጊዜ ሲመላለስ ጊታሩ ሌላ ጊታር ይሆናል! እርግጥ ስሌቱ ለብቻው ላለ ማገር ነው፤ ከጣውላው ጋር ሲጣበቅ ቁጥሩ ይለወጣል፣ አቅጣጫው ግን ያው ነው።

ጊታር ሠሪው ማርቲን ኩባንያ በ1840ዎቹ ማገሩን በመስቀለኛ ማቆላለፍ የጀመረው ለአንጀት ክር ነበር። ኋላ የብረት ክር ሲመጣ ያ አሠራር ሸክሙን ቻለው። ሰብሳቢዎች የሚሻሙባቸው የ1930ዎቹ ማርቲኖች ማገራቸው እንደ ኮርቻ ጎድጎድ ተደርጎ የተቦረቦረ ነው። ተጫዋቾች ወፋፍራም ክር እየጫኑ ጣውላው ሲያብጥ፣ ኩባንያው በ1944 መጨረሻ መቦርቦሩን ተወ። በ1976 ኤችዲ-28 በሚባለው አዲስ ጊታር መልሶ አመጣው።

የጀርባውስ እንጨት? ስፔናዊው አንቶኒዮ ደ ቶሬስ በ1862 ጎንና ጀርባው ከካርቶን የሆነ ጊታር ሠርቶ ድምፁ ከፊቱ ጣውላ እንደሚመጣ አሳይቷል። በ2018 የታተመ የላንካስተር ዩኒቨርሲቲ ጥናትም በጀርባና በጎን እንጨታቸው ብቻ የሚለያዩ ስድስት ጊታሮችን ለ52 ተጫዋቾች ሰጥቶ፣ ሮዝውድ የሚባለውን ውድ እንጨት ከርካሾቹ ልቆ አላገኘውም።

ዕድሜ ምንም አይሠራም አልልም። በእንጨት ውስጥ ሄሚሴሉሎስ የሚባለው ክፍል በዓመታት ብዛት ይፈርሳል፤ እንጨቱም ከአየር የሚጠጣው እርጥበት ይቀንሳል። የሚያከራክረው ጆሮ ይህን መለየቱ ነው። ደግሞም አሮጌውና አዲሱ በዕድሜ ብቻ ሳይሆን ብዙ ጊዜ በማገርም ይለያያሉ። ደካሞቹ አሮጌዎች ተሰብረው ተጥለዋል፤ የምናወዳድረው የተረፉትን ነው።

ስለዚህ ገዢ ትንሽ መስታወትና የእጅ ባትሪ ይያዝ፤ በድምፅ ቀዳዳው አስገብቶ ማገሩን ይይ። ከበርኩማው ኋላ ጣውላው በጥቂቱ ቢያብጥ አያስደነግጥም። ማገሩ ከጣውላው ለቆ ከሆነ ግን በጣት ሲቆረቁሩት ይንቀጫቀጫል። ያም ቢሆን ይጠገናል፤ የድሮው ኮላ ከእንስሳ ቆዳ የተቀቀለ ስለሆነ በሙቀትና በውሃ ይለሰልሳል፣ ጠጋኙም ማገሩን በቦታው መልሶ ያጣብቀዋል።