ብራዚል ውርጭ ሲመታት የቡና ዋጋ ለምን ይንራል?

ሐምሌ 10 ቀን 1967 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1975) የብራዚል ደቡባዊ ግዛት የፓራና ዋና ከተማ በሆነችው ኩሪቲባ ላይ ጥጥ የመሰለ አመዳይ ወረደ። እንዲህ ያለው ነገር ለከተማው ሕዝብ ብርቅ ነበር። በማግስቱ ንጋት ግን በዚያው ግዛት በስተሰሜን በኩል ያለው የቡና ገበሬ ማሳው ሲደርስ ያገኘው ነጭ ሳይሆን ጥቁር ነበር። የቡናው ቅጠል እሳት እንደለበለበው ሁሉ ጠቁሮና ተጨማዶ ቆየው። ፓራና በዚያን ጊዜ በብራዚል ከሚገኙት ግዛቶች ሁሉ በቡና ምርት ቀዳሚ ነበረች። በተከታዩ ዓመት ከግዛቷ የተለቀመው ቡና ግን ከምንም የማይቆጠር ሆነ።

ከዚያች ሌሊት ወዲህ ሰኔና ሐምሌ በመጡ ቁጥር የዓለም የቡና ገበያ ዓይኑ ከደቡብ ብራዚል ሰማይ አይነቀልም። «ብራዚል ውርጭ ገባ» የሚል ወሬ በተሰማ ሰዓት የኒውዮርክ ዋጋ ይዘላል፤ አዲስ አበባም ስልኩ ይጮሃል። ቡና ያለው መሸጥ ያቆማል፣ የሌለው ለመግዛት ይሯሯጣል። ከእነዚህ መካከል የሚያተርፈው የትኛው ነው? ጥያቄውን ለመመለስ በመጀመሪያ ብርዱ ምን እንደሚሠራ፣ ቀጥሎም ገበያው ከዚህ ቀደም ምን እንደሠራ ማየት ያስፈልጋል።

ብርዱ ከየት ይመጣል?

ብራዚል ከምድር ወገብ በታች ስለሆነች ክረምቷ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ነው። በነዚህ ወራት ከደቡብ ዋልታ አካባቢ የሚነሳ ከባድ ቀዝቃዛ አየር አርጀንቲናን አቋርጦ ወደ ሰሜን ይገፋል። ከፊቱ ዝናብና ነፋስ ያስቀድማል፤ ከፍ ባሉ ቦታዎችም በረዶ የሚወርድበት ጊዜ አለ። ቡናን በብዛት የሚጎዳው ግን ይህ ማዕበል ራሱ ሳይሆን ካለፈ በኋላ የሚመጣው ጸጥ ያለ ሌሊት ነው። ደመናው ይገፈፋል፣ ነፋሱ ያርፋል፣ ምድር ቀን የያዘችውን ሙቀት ሌሊቱን ሙሉ ወደ ሰማይ ትለቃለች። የደብረ ብርሃን ገበሬ ይህንን በሚገባ ያውቀዋል። በጥቅምትና በኅዳር ባቄላውን ውርጭ የሚመታበት ሌሊት ሰማዩ ጥርት ብሎ ከዋክብት የሚቆጠሩበት ሌሊት ነው።

ቀዝቃዛ አየር ከባድ በመሆኑ እንደ ውሃ ቁልቁል ወርዶ ረባዳ ቦታ ላይ ይተኛል። በዚህም የተነሳ በአንድ ወረዳ ውስጥ የኮረብታው ቡና ተርፎ የሸለቆው ቡና ሊቃጠል ይችላል። የቡና ቅጠል ሙቀቱ ከዜሮ በታች 3 ወይም 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ይሞታል። ነጋዴው ልብ ሊለው የሚገባው ነገር የአየር ጠባይ ጣቢያዎች ሙቀትን የሚለኩት ከመሬት አንድ ሜትር ተኩል ያህል ከፍ ብለው፣ በጥላ ውስጥ መሆኑን ነው። በጠራ ሌሊት ቅጠሉ ከዚህ መለኪያ በብዙ ዲግሪ ሊቀዘቅዝ ይችላል። ስለዚህ በዜና «2 ዲግሪ ሆኖ አደረ» ሲባል ማሳው ላይ ውርጭ አልነበረም ማለት አይደለም።

ብራዚላውያን ውርጭን ነጭና ጥቁር ብለው ይከፍሉታል። ነጩ ቅጠል ላይ በረዶ ጋግሮ የሚታየው ነው። ጥቁሩ ደግሞ አየሩ ደረቅ ሆኖ ምንም በረዶ ሳይጋገር የተክሉን ፈሳሽ ከውስጥ የሚያደርቀውና የሚያጠቁረው ነው። በ1967 ዓ.ም. የወረደው ይኸኛው ነበር።

የሚጠፋው የየትኛው ዓመት ቡና ነው?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ብራዚል ቡናዋን የምትለቅመው በአብዛኛው ከግንቦት እስከ መስከረም ድረስ ነው። ሐምሌ ላይ ውርጭ ሲወርድ የዚያ ዓመት ፍሬ ወይ ተለቅሟል፣ ወይ ደርሶ ለቀማ ይጠብቃል። ውርጩ በዋናነት የሚያጠፋው በመስከረምና በጥቅምት ሊያብብ ያለውን ቅርንጫፍ ነው፤ ይህም ማለት የሚመጣውን ዓመት ምርት ነው። ስለሆነም ውርጭ በወረደ ሰሞን ከመጋዘን የጎደለ ቡና የለም። ዋጋው የሚዘለው ወደፊት ይጎድላል ተብሎ በመፈራቱ ነው።

ጉዳቱ ስንት ዓመት እንደሚቆይ የሚወስነው ብርዱ የገደለው ምን እንደሆነ ነው። ቅጠል ብቻ ከሆነ ተክሉ ያቆጠቁጣል። ቅርንጫፉ ከሞተ የአንድ ዓመት ምርት ይሄዳል። ግንዱ ከተመታ ግን የኛም ገበሬ እንደሚያደርገው ጎንድሎ አዲስ ቀንበጥ መጠበቅ ግድ ስለሚሆን ሁለትና ሦስት ዓመት ይፈጃል። ተነቅሎ እንደገና የሚተከል ከሆነ ደግሞ ደህና ምርት እስኪሰጥ ሦስትና አራት ዓመት ይወስዳል። ከሦስቱ የትኛው እንደደረሰ በመጀመሪያው ሳምንት በትክክል የሚናገር የለም። ቅርንጫፉ ይድናል ወይስ አይድንም የሚለው የሚለየው ሳምንታት ካለፉ በኋላ ነው። ገበያው ግን ሳምንታት አይጠብቅም።

ሦስት ውርጭ፣ ሦስት ዓይነት ገበያ

የ1967ቱ ውርጭ ግንዱን ሳይቀር ገደለ። የብራዚል ምርት ከ20 ሚሊዮን በላይ ከነበረበት በተከታዩ የምርት ዘመን ከ10 ሚሊዮን ባለ60 ኪሎ ጆንያ በታች ወረደ። ያም ሆኖ ዋጋው በአንድ ጀምበር ሰማይ አልነካም። ከውርጩ በፊት አንድ ፓውንድ ቡና ከአንድ ዶላር በታች ይሸጥ ነበር። ከ3 ዶላር በላይ የወጣው በሚያዝያ 1969 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1977) ማለትም ከ21 ወራት በኋላ ነው። በመካከሉም ያኔ ከታላላቆቹ ቡና አምራቾች አንዷ የነበረችው አንጎላ በጦርነት ታመሰች፤ ጓቴማላም በመሬት መንቀጥቀጥ ተመታች። በዚህ ገበያ ያተረፈው የታገሠ ሰው ነው። በኛ አገር ግን ዘመኑ የደርግ ስለነበረ ከጭማሪው ብዙው በቀረጥና በታክስ ወደ መንግሥት ካዝና ገባ እንጂ ለገበሬው የደረሰው ጥቂት ነበር።

የ1986ቱ ታሪክ የዚህ ተቃራኒ ነው። ውርጩ ሁለት ጊዜ ማለትም ሰኔ 19 እና ሐምሌ 3 ቀን (እ.ኤ.አ. በ1994) ወረደ። ሁለቱም ዕለታት እሑድ ስለነበሩ ኒውዮርክ በየማግስቱ ሰኞ የተከፈተው በዝላይ ነው። ከውርጩ በፊት 1 ዶላር ከ20 ሣንቲም አካባቢ የነበረው ዋጋ በሳምንታት ውስጥ 2 ዶላር ከ40 ሣንቲም አለፈ። ከዚያም ድርቅ ተጨመረበት። የብራዚል ምርት ከ28 ሚሊዮን ገደማ ወደ 17 ሚሊዮን ጆንያ ገደማ ወረደ። ጉድለቱ እውነተኛ ነበር ማለት ነው። ዋጋው ግን ያ የጎደለ ምርት ገና ሳይለቀም መውረድ ጀመረ። በታኅሣሥ 1987 ወደ 1 ዶላር ከ70 ሣንቲም፣ በታኅሣሥ 1988 ደግሞ ወደ 1 ዶላር ግድም ደረሰ። ውድ ቡናን ጠጪው ቀነሰ፣ ቆዪው ከክምችቱ ተጠቀመ፣ ሌሎች አምራች አገሮችም ያላቸውን አወጡ።

ሦስተኛው ሐምሌ 13 ቀን 2013 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2021) የወረደው ነው። በዚህ ጊዜ የብራዚል ቡና በአብዛኛው ከፓራና ተነስቶ ወደ ሰሜን፣ ወደ ሚናስ ጄራይስ ሄዶ ነበር። ከ1967ቱ ጥፋት በኋላ ብዙው የፓራና ገበሬ ቡናውን ነቅሎ ወደ አኩሪ አተር ስለዞረ ነው። ውርጭ አይነካውም ተብሎ የተመረጠው ሚናስ ግን እሱም ተመታ። ዋጋው በሳምንት ውስጥ 2 ዶላር አለፈ። ከውርጩ በፊት የነበረው ድርቅና በወቅቱ የነበረው የኮንቴይነር እጥረት ተጨምረውበት በየካቲት 2014 ዓ.ም. ከ2 ዶላር ከ50 ሣንቲም በላይ ወጣ። ከፍተኛው ዋጋ የተገኘው ከሰባት ወራት ገደማ በኋላ ነው ማለት ነው።

እንግዲህ በአንደኛው የታገሠ፣ በሁለተኛው ፈጥኖ የሸጠ፣ በሦስተኛው ደግሞ ከነፍስ ወከፍ ወሬ ይልቅ ድርቁንና መርከቡን የተከታተለ ተጠቅሟል። «ውርጭ ሲወርድ ያዝ» ወይም «ውርጭ ሲወርድ ሽጥ» የሚል ሕግ የለም።

ከኒውዮርክ እስከ ፈረሱላ

በኒውዮርክ አንድ የቡና ውል 37,500 ፓውንድ ነው። ይህ ወደ ኪሎ ሲለወጥ 17 ሺህ ኪሎ ስለሚሆን፣ በኛ መለኪያ ልክ አንድ ሺህ ፈረሱላ ማለት ነው። አንዲት ሣንቲም ስትጨምር ወይም ስትቀንስ በሺህ ፈረሱላ ላይ 375 ዶላር ታወጣለች ወይም ታወርዳለች። በ1986 ዓ.ም. በ1 ዶላር ከ20 ሂሳብ 45 ሺህ ዶላር የነበረው ሺህ ፈረሱላ፣ በ2 ዶላር ከ40 ሂሳብ 90 ሺህ ዶላር ሆነ ማለት ነው። ቁጥሩ የሚያስጎመጅ ነው። አደጋውም ያለው እዚሁ ላይ ነው።

የመጀመሪያው አደጋ ከውርጩ በፊት በቁርጥ ዋጋ የሸጠው ላኪ ላይ ይወድቃል። ቡናውን በእጁ ሳያስገባ በ1 ዶላር ከ20 ውል ከፈረመና አቅራቢው በማግስቱ በአዲሱ ዋጋ ካልሆነ አልሰጥም ካለው፣ ወይ በኪሳራ ገዝቶ ይልካል፣ ወይ ውሉን አፍርሶ ስሙን ያጣል። የውጭ ገዢ ውል ያፈረሰበትን ላኪ ስም ቶሎ አይረሳም።

ሁለተኛው አደጋ ዘግይቶ የሚመጣ በመሆኑ ይብሳል። የኛ እሸት ቡና የሚለቀመው ከመስከረምና ከጥቅምት ጀምሮ ነው። ሐምሌ ላይ የተሰማው ዋጋ በገበሬውና በሰብሳቢው ጆሮ ውስጥ እንዳለ ይቆያል፤ ነጋዴውም ተሻምቶ በዚያው ሂሳብ ይገዛል። ቡናው ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ተበጥሮ ለጭነት እስኪደርስ ግን ወራት ያልፋሉ። ለምሳሌ ወጪውን ጨምሮ በፓውንድ 2 ዶላር ከ10 የፈጀበትን ቡና በ1 ዶላር ከ70 የሸጠ ሰው በሺህ ፈረሱላ ላይ 15 ሺህ ዶላር ይከስራል። ገንዘቡ የባንክ ብድር፣ መያዣውም መኖሪያ ቤቱ ከሆነ ኪሳራው በቡና ብቻ አያበቃም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

በሦስተኛ ደረጃ የኒውዮርክ ጭማሪ ሙሉ በሙሉ ወደ ኛ ቡና እንደማይተላለፍ ማወቅ ይገባል። ገዢው የኛን ቡና የሚተምነው ከኒውዮርክ ዋጋ ላይ ይህን ያህል ሣንቲም ጨምሮ ወይም ቀንሶ ነው። ኒውዮርክ በድንገት ሲወጣ ገዢው አልቸኩልም ይልና ጭማሪውን ያሳንሳል፣ ቅናሹን ያሰፋል። በሰሌዳው ላይ 50 ሣንቲም ሲጨምር በውሉ ላይ 30 ብቻ ሊገኝ ይችላል።

ወሬው ሲመጣ ምን ይጠየቅ?

«ውርጭ ገባ» የሚል ስልክ ሲደወል ነጋዴውም ደላላውም አራት ጥያቄዎችን ቢያስቀድሙ ይበጃል። አንደኛ፣ የወረደው የት ነው? ከፓራና ይልቅ የሚናስ ጄራይስ ውርጭ ዛሬ እጅግ ይከብዳል። ሁለተኛ፣ የተመታው ቅጠል ነው፣ ቅርንጫፍ ነው ወይስ ግንድ? ሦስተኛ፣ በአምራቹና በገዢው አገር ያለው ክምችት ምን ያህል ነው? መጋዘን ሙሉ ከሆነ ድንጋጤው ቶሎ ይበርዳል። አራተኛ፣ በመስከረምና በጥቅምት ዝናቡ በጊዜው ጣለ ወይስ ዘገየ? ውርጭ ብቻውን ከሚያደርሰው ይልቅ ድርቅ የተከተለው ውርጭ የሚያደርሰው ጉዳት ይበልጣል።

በውል በኩል ደግሞ ከሁሉ የሚሻለው መግዣና መሸጫን በአንድ ሰሞን ማገናኘት ነው። ቡናው በእጅ ሳይገባ በቁርጥ ዋጋ አለመሸጥ፣ ገዢ ሳይገኝም ከፍ ባለው ዋጋ መጋዘን አለመሙላት ማለት ነው። ዋጋው በጭነት ሰሞን በሚኖረው የኒውዮርክ ሂሳብ ይቆረጥ የሚል ውል የሚቀበል ገዢ ከተገኘ፣ ላኪውም ከአቅራቢው ጋር በዚያው መልክ ቢዋዋል ጭንቀቱ ይቀላል።

በመጨረሻም አንድ ነገር ሊዘነጋ አይገባም። ውርጭ የወለደው ዋጋ የራሱን መውረጃ አብሮ ይተክላል። በ1986ና በ1987 በታየው ዋጋ የተበረታቱ አምራቾች በተለይም ቬትናማውያን በሰፊው ቡና ተከሉ። ያ ቡና ፍሬ ሲሰጥ ገበያው ተጥለቀለቀና በጥቅምት 1994 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2001) አንድ ፓውንድ ከ50 ሣንቲም በታች ተሸጠ። በዚያ ዓመት የጅማና የሲዳማ ገበሬ የከፈለው ዕዳ መነሻው ከሰባት ዓመት በፊት በብራዚል ያደረች ሌሊት ነበረች። የዋጋው ዜና በአንድ ቀን ይደርሳል፤ ሂሳቡ ተጠቃሎ የሚዘጋው ግን ከዓመታት በኋላ ነው።